ለክፉ ቀን የታጠረ ሣር፣ ለክፉ ቀን የሚከፈል መድን

መሐል ሜዳ ገበያ ላይ በግ የሚገዛ ነጋዴ ከበጉ ጥርስና ከላቱ እኩል የሚያየው ነገር ቢኖር የሻጩን ፊት ነው። ገና ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ሙክቱን እየጎተተ የመጣ ገበሬ ዋጋ ይዞ ይከራከራል፤ ካልተስማማው በጉን መልሶ ይወስዳል። በሐምሌ ጭጋግ እናት በግ ይዞ የመጣ ግን ብዙውን ጊዜ አይመልስም። ቤት ውስጥ ሰው ታሟል፣ ወይም ሕክምና ቤት በር ላይ ገንዘብ ይጠበቃል። ደላላውም ገዢውም ይህን ያውቃሉ። ዋጋውም የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ለገዢው የዕለቱ ትርፍ ነው። ነገር ግን የተሸጠችው እናት በግ የሚቀጥሉትን ዓመታት ግልገሎች ይዛ ትሄዳለች። በመንዝ፣ በግሼና በአካባቢው ደጋ ገብስ በውርጭ ሲመታ ቤተሰብ የሚወጣው በበግ ነው። በየክረምቱ በበሽታ ምክንያት እርባታው ሲመናመን ገበያው ከዓመታት በኋላ የሚያጣው በግ ዛሬ በርካሽ የተገዛው ነው። የበግ ነጋዴ ስለ ጤና አጠባበቅ ምን ያገባዋል ለሚል መልሱ ይኸው ነው።

በውጭው ዓለም «ፊውቸርስ ቲንኪንግ» የሚባል የአስተሳሰብ ስልት አለ። የገበያ ሰው «ፊውቸርስ» ሲሰማ ዛሬ ዋጋ ተቆርጦ ዕቃውን ወደፊት የሚረከቡበት ውል ትዝ ይለዋል፤ ይህኛው የተለየ ነው። ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ሊደርሱ የሚችሉ የተለያዩ ሁኔታዎችን አስቀድሞ መዘርዘርና በእያንዳንዱ ውስጥ የዛሬው ውሳኔ ይቆም እንደሆነ መፈተን ማለት ነው። ስልቱን በንግዱ ዓለም ያስታወቀው የነዳጅ ኩባንያው ሼል ነው። ፒየር ዋክ የተባለ ፈረንሳዊ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የነዳጅ አምራች አገሮች ዋጋ ቢያንሩ ምን ይከተላል የሚለውን ጨምሮ የተለያዩ መጪ ሁኔታዎችን ለኩባንያው አመራር አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ ዋጋው ወደ አራት እጥፍ ሲያሻቅብ ነገሩ ለሼል ሰዎች ፈጽሞ ያልታሰበ ዱብ ዕዳ አልሆነባቸውም። ከዚያ ወዲህ መንግሥታትም ለሆስፒታል፣ ለሐኪም ሥልጠናና ለወረርሽኝ ዝግጅት በዚሁ ስልት መጠቀም ጀምረዋል።

የመንዝ ሰው ይህን ለመማር ሼልን አልጠበቀም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ለዘመናት የተጠበቀው ቄሮ በሚባል የአካባቢ ሥርዓት ነው (ቃሉ ከቅርብ ዓመታቱ የፖለቲካ ስም ጋር እንዳይምታታ)። ጓሳ የቦታውም የሣሩም ስም ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ መከለያ ጌሳ ይሠራበታል። ተጠቃሚዎቹ በመረጡት አባ ቄራ ትእዛዝ ሜዳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ለአጫጅም ለከብትም ዝግ ይሆናል። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ይከፈታል፤ መጀመሪያ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል፣ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ድርቅ ሲጠና ደግሞ የመጨረሻው መጠጊያ እሱ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው አጥሩ ነው። መጪውን ክፉ ቀን ማሰብ ለማንም አይከብድም፤ የመንዝ ሰው የሚለየው ያሰበውን ዛሬ በራሱ ላይ በመዝጋቱ ነው። በጥጋብ ዓመት ከብቱ ደጃፉ ላይ ያለውን ሣር እያየ እንዳይግጥ ከለከለ። ክልከላውም በምክር ብቻ አልቆመም። አባ ቄራው ለጥበቃ በጠራበት ቀን አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ይወጣል፤ የቀረም ይቀጣል፣ ሰርቆ ያጨደም ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ የተመሠረተበትን የአጽመ ርስት ይዞታ ሲያፈርስ አጥሩም ላላ፤ ሜዳው ለደረሰ ሁሉ ክፍት ሆነና ሣሩ ተጎዳ። በኋላ ነዋሪዎቹ በየቀበሌው ተወካዮች አማካይነት ጥበቃውን እንደገና አቋቋሙ፤ የአማራ ክልልም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሕጋዊ እውቅና ሰጠው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣው ጎብኚ ዛሬ የሚያየው የዚህን ውጤት ነው።

ጤና መድን የሚባለውም ያው ሒሳብ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። አባወራው ለቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ መንግሥት ድጎማ ይጨምራል፣ የመክፈል አቅም የሌለው ድሃ ይከፈልለታል። ክፍያው የሚሰበሰበው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ እጅ ላይ ገንዘብ ባለበት ወቅት ነው። በሙከራ ወረዳዎቹ ላይ የተደረገ ጥናት የመድኑ አባል የሆኑ ቤተሰቦች ብድር ውስጥ የመግባታቸው ዕድል እንደቀነሰ አሳይቷል። በመሐል ሜዳ ቋንቋ እናት በጓ ከገበያ ቀረች ማለት ነው።

ችግሩ አጥሩ ላይ ነው። ዘንድሮ ያልታመመ ገበሬ «ገንዘቤ ባከነ» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ይቀራል፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ግን ሳይጠራ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ማጠራቀሚያው የሕመምተኞች ብቻ ይሆንና ወጪው ከገቢው ይበልጣል። ምዝገባው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ እንዲሆን የተደረገውም ይህን ለመቀነስ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ በየወረዳው ተለይቶ መቀመጡ ደግሞ ውርጭና በሽታ አብረው የገቡበትን ወረዳ ብቻውን ያስቀረዋል፤ ሰፊ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል የሚሉ ባለሙያዎች አነጋገር ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ጭነቱን ሁሉ በአንድ መኪና የሚልክ ነጋዴ የለም።

የሚያስገርመው ይኸው ገበሬ ለእድሩ ወይም ለቅሬው ሳይሰለች መክፈሉ ነው። ለቀብሩ አስቀድሞ ይከፍላል፣ ለመዳኑ ያመነታል። ስንፍና ብሎ ማለፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እድሩ ቃሉን ይጠብቃል፤ ድንኳኑና ንፍሮው በቀኑ ይገኛሉ። የመድን ደብተር ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ የተባለ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ከፍሏል። የጓሳ ሜዳ በተከፈተ ቀን ሣር ባይገኝበት ኖሮ ከዚያ በኋላ ማን ይጠብቀው ነበር?

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሩቅ አላየም አይባልም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ እስከ 2035 ድረስ የሚያይ፣ የጤና አገልግሎትን ለሁሉም ለማዳረስ የታሰበ የ20 ዓመት ራእይ ወጣ። ራእዩ አገሪቱ መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ተርታ ትገባለች ከሚለው ተስፋ ጋር የተያያዘ ነው። የሼል ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ያንን ገጽ እንዳነበቡ ወዲያው፦ ባትገባስ? ብለው ይጠይቁ ነበር።

መልሱ ብዙ ሳይቆይ በሌላ በር መጣ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደረሰ፤ በክልሉ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሳ። መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስም የመድኃኒት መኪናም ይቆማሉ፤ መዋጮ ሰብሳቢውም አይንቀሳቀስም።

ሌላው መጪ ነገር ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ የተመዘገበውን መረጃ መርምሮ፣ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አረጋግጧል። ጓሳ ላይ ትንኟ ትደርሳለች ማለት አይደለም፤ ቅዝቃዜው ገና ይጠብቀዋል። ነገር ግን ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ የመንዝ ወጣት በሽታውን ይዞ ይመለሳል፤ ከመንዝ ዝቅ ያሉት የወይና ደጋ ቀበሌዎች ደግሞ ወባን የማያውቅ ሰውነት ነው ያላቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150 ሺሕ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ከሞቱት ብዙዎቹ በሽታው ባልለመደባቸው ከፍታ ያላቸው ቦታዎች የሚኖሩ ነበሩ። የመመርመሪያ ኪትና የመድኃኒት ክምችት ከወረርሽኙ በፊት የሚያዝበት በጀት የትኛው ቀበሌ ላይ እንደሚመደብ ዛሬ መወሰን ይቻላል።

በመንዝ በግ፣ በባናና በገብስ የሚነግድ ሰው የመጪዎቹን ዓመታት ገበያ ለመገመት ከዝናቡ ዜና ጎን ለጎን ከወረዳው ጤና መድን ጽሕፈት ቤት አንድ ቁጥር ቢጠይቅ ይበጀዋል። አምና መድን ከገቡት መካከል ዓመቱን ሙሉ ሳይታመሙ ቆይተው ዘንድሮ ያሳደሱት ስንት ናቸው? ቁጥሩ ሲወርድ እናት በጎች ወደ ገበያ ይመጣሉ።