«ባዶ ቦታ» የተባለው የፈረስ መስክ





በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆና በሻምቡ ከተሞች በገበያ ቀን የሚገኝ ሰው፣ ፈረስ ምን ያህል ቤተ ሰብ እንደሚያስተዳድር ሳይመለከት አይቀርም። ነገር ግን ጭነቱ ከወረደ በኋላ እንስሳው የሚለቀቅበት ሜዳ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ሄዷል። እኛ የቢሮ ሰዎች በፕላን ወረቀት ላይ «ባዶ ቦታ» ብለን የምንጽፈው መስክ ለባለ ፈረሱ ጎተራው ነው።

የቀረውም መስክ ቢሆን ጤናማ አይደለም። አንድ ጎረቤቴ ፈረሱ በሁለት ቀን ሕመም ሞተበትና ሆዱ ሲከፈት ከአንጀቱ የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ። ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያ ፈረስ ነበር። ፈረስ እንደ ውሻ የዋጠውን አያስመልስም፤ አንጀቱ ከተዘጋ በቁርጠት ይሞታል። የወዳደቀ ሽቦም እንዲሁ ነው፤ የደነገጠ ፈረስ ይሮጣል እንጂ እግሩን የያዘውን ቆሞ አይመለከትም። ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብም ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ለፈረስ መስክ አይመረጥም።

አረንጓዴ ከሆነ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ላም የላይ የፊት ጥርስ ስለሌላት ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትነጫለች። ፈረስ ግን ከላይም ከታችም ጥርስ ስላለው እስከ ሥሩ ይቆርጠዋል፤ በቀንና በሌሊት እስከ 16 ሰዓት ሊግጥም ይችላል። ዕረፍት ያላገኘ ሜዳ በወለጋ ዝናብ ቶሎ ጭቃ ይሆናል። ደግሞም ፈረስ ፋንድያ ካለበት ስፍራ ይሸሻልና ንጹሑን ብቻ ደጋግሞ ይግጣል፤ ሜዳው ከጠበበ ግን ከሣሩ ጋር የትል እጭ ይውጣል። ስለዚህ ሜዳውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ማሳረፍ፣ ፋንድያውን በየጥቂት ቀኑ አንሥቶ ለማዳበሪያ ማዋል፣ ፈረሶቹ ሲወጡ ከብት ማስገባት ይገባል። የፈረስ ትል በአብዛኛው በከብት ሆድ ውስጥ ስለማይኖር ከብቱ እጩን እየዋጠ ያጠፋዋል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጉልበትና ስምምነት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

ግጦሽ ሲጠፋ ወደ ዴዴሳና ወደ አንገር ቆላ ማውረድ መፍትሔ ይመስላል። በዚያ ግን ገንዲን የምታስተላልፈው ዝንብ አለች። በደጋውም ቢሆን በክረምት መጨረሻ ከረግረግ የሚነሡ ጥቃቅን ነፍሳት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ያስተላልፋሉ፤ አህያ ብዙ ጊዜ ስትቋቋመው ፈረስ ግን በጥቂት ቀን ይሞታል። ነፍሳቱ በብዛት የሚናከሱት ፀሐይ ስትጠልቅና ስትወጣ በመሆኑ በዚያ ሰዓት ፈረስን ከረግረግ ማራቅ ይጠቅማል። በቢሾፍቱ ለዚህ በሽታ ክትባት ይዘጋጃልና ባለ ፈረሶች ክረምቱ ሳይገባ የወረዳቸውን የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ።

በየከተማው በፕላን ኮሚቴ ለተቀመጡ ባልደረቦቼ ያለኝ ልመና አጭር ነው። በሚመጣው የመሬት ሽንሸና ከገበያው አጠገብ፣ ወራጅ ውኃ ባለበት፣ አንድ ሜዳ «የፈረስ ግጦሽ» ተብሎ በካርታው ላይ ይጻፍ፤ ቆሻሻ እንዳይጣልበትም ባለ ፈረሶቹ ራሳቸው በተራ ይጠብቁት።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከነቀምቴ