የአዲስ ቤት መስኮት ነፋስ ሲያስገባ ምን ማድረግ ይገባል?

ማንኛውም ሰው ገንዘቡን አውጥቶ አዲስ ቤት የሚያሠራው ከብርድና ከነፋስ የሚያሳርፈው መጠለያ ለማግኘት ነው። ነገር ግን ቤቱ ተመርቆ ብዙም ሳይቈይ በመስኮቱ ዙሪያ ነፋስ ሽው ሲልና መጋረጃው ሲወዛወዝ ማየት የተለመደ ኾኗል። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቈረቈረ ከተማ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርድ ቀላል አይደለም። ለነጋዴ ደግሞ ጉዳዩ ከምቾት ያለፈ ነው፤ በዚያው ክፍተት የሚገባው አቧራና የዝናብ ውሃ በመደብርና በመጋዘን ያለውን ጨርቅ፣ ወረቀትና ስኳር ያበላሻልና።

ብዙ ሰው «ይህች ቀጭን ክፍተት ምን ትጎዳለች?» ይላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም የኾነ መስኮት ዙሪያው 4 ሜትር ከ80 ሳንቲም ነው። በዚህ ዙሪያ ኹሉ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ቢኖር፣ ጠቅላላ ስፋቱ 96 ካሬ ሳንቲሜትር ይኾናል። ይኸውም በግድግዳው ላይ ወርዱና ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር የሚያኽል ቀዳዳ በስቶ እንደ መተው ነው።

መድኃኒቱን ከመግዛት በፊት ነፋሱ የሚገባበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ ያሻል። ለዚህም ነፋስ በሚበረታበት ምሽት በርና መስኮቱን ዘግቶ ዕጣን ማጤስና ጢሱን በመስኮቱ ዳር ቀስ አድርጎ ማዞር ይበቃል። ጢሱ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት ስፍራ ደኅና ነው፤ ጢሱ የሚበተንበት ወይም ወደ ውጭ የሚሳብበት ስፍራ ግን ክፍተት አለው። ስፍራውም ከሚከተሉት ከሦስቱ አንዱ ነው።

1ኛ፤ በግድግዳውና በመቃኑ መካከል። አዲስ ልስን ሲደርቅ ስለሚኰማተር ከመቃኑ ይላቀቃል። አንዳንድ ጊዜም ከልስኑ ሥር ያለው ባዶ ስፍራ ሳይሞላ ላዩ ብቻ ተለስኖ ይገኛል። ስንጥቁ ቀጭን ከኾነ አቧራውን ጠርጎ በሲሊኮን መሙላት ይበቃል። ሰፊ ከኾነ ግን በቈርቈሮ ታሽጎ በሚሸጠው፣ ሲነፋ በሚያብጠው ፎም ሞልቶ፣ ከደረቀ በኋላ ትርፉን ቈርጦ ላዩን መለሰን ይገባል፤ ፎም ፀሐይ ሲያገኘው ይፈረፈራልና።

2ኛ፤ በመቃኑና በመዝጊያው መካከል። የብረት መስኮት በብየዳ ሙቀት ይጣመማል፤ በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ የባሕር ዛፍ እንጨትም ከተገጠመ በኋላ ይኰማተራል፣ ይወለጋገዳል። ይኽን ለመመርመር ቀጭን ወረቀት በመቃኑና በመዝጊያው መካከል አድርጎ መስኮቱን መዝጋትና ወረቀቱን መሳብ ነው። ያለ ችግር ሾልኮ ከወጣ መዝጊያው በዚያ በኩል አልገጠመም። በመጀመሪያ ማጠፊያውና መቀርቀሪያው እንዲስተካከል ማድረግ፣ ከዚያም የተረፈውን ክፍተት በጎማ ጥብጣብ መድፈን ይገባል። ሳያስተካክሉ ወፍራም ጥብጣብ የለጠፉ እንደ ኾነ መዝጊያውን ይገፋውና ክፍተቱ ወደ ሌላው ጎን ይዛወራል።

3ኛ፤ በመስተዋቱ ዙሪያ። መስተዋቱን የያዘው ማጣበቂያ ተሰነጣጥቆ ወይም ጎማው በማዕዘኑ ላይ አጥሮ እንደ ኾነ መለወጥ ነው። በአሉሚኒየም መስኮት ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በታችኛው ክፈፍ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የዝናብ ውሃ ወደ ውጭ እንዲወርድባቸው የተበጁ ናቸው። ነፋስ አስገቡ ብሎ የደፈናቸው ሰው በክረምት ውሃውን ወደ ቤቱ ይጋብዛል።

ይኽን ዕቃ የሚያስመጣና የሚሸጥ ነጋዴም የሚያስብበት ነገር አለ። የስፖንጅ ጥብጣብ ዋጋው ርካሽ ቢኾንም ፀሐይና እርጥበት ቶሎ ይጨርሱታል፤ ደኅና ጎማ ዋጋው ቢበልጥም ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። ስለዚህ ሻጭ የገዢውን ክፍተት ልክ ጠይቆ ውፍረቱ የተስማማውን ቢሰጠው፣ የኹለቱንም ዕቃዎች ልዩነት በግልጽ ቢነግረው፣ ደንበኛውን አያጣም።

ቤቱን በውል ያሠራ ሰው ደግሞ ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ውሉን ይመልከት። የዕጣኑንና የወረቀቱን ምርመራ በርክክብ ቀን ማድረግ፣ የተገኘውን ጉድለት በጽሑፍ ማስፈርና እስኪታረም ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ ስለ መያዝ አስቀድሞ በውሉ መስማማት ብልኅነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው በደንብ መሠራትና ለጥንካሬው ዋስ እንዲኾን ደንግጓል።

ከኹሉ በላይ ግን ሊዘነጋ የማይገባው የሕይወት ነገር ነው። መስኮቱ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ በኋላ በዚያ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ሞት ነው። ከከሰል ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ የተኛው ሰው ሳያውቀው በእንቅልፉ ይገድለዋል። ቀድሞ በክፍተቱ ይወጣ የነበረው መርዝ አኹን መውጫ የለውም። ስለዚህ ምድጃው ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ ምግብ በሚበስልበት ክፍልም የአየር መውጫው አይደፈን። ቤትን ከነፋስ መከላከል መልካም ነው፤ የሚከላከሉትም ያለ ልክ በሚገባው ነፋስ ላይ እንጂ ለመተንፈስ በሚያስፈልገው አየር ላይ አይደለም።