ኦይለር ያጠራው ቁጥር

31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዙና ከውጤቱ ላይ 1 ቀንሱ። የምታገኙት 2,147,483,647 ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር። ይህን በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። ያኔ የሚኖረው ሴንት ፒተርስበርግ ሲሆን ዓይኖቹ ማየት ተስኗቸው ነበር።

አንድ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ ካለው፣ ትንሹ አካፋዩ ከቁጥሩ ዳግም ዘር አይበልጥም። የዚህኛው ዳግም ዘር ከ46,340 ጥቂት ያልፋል። እስከዚያ ድረስ ግን ከ4,700 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ማካፈል ማንንም ያታክታል። ስለዚህ ኦይለር ከማካፈሉ በፊት አጠራ። ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር የሆነ ሌላ አካፋይ አለው እንበል። 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን የሁለትን ርቢዎች ለዚያ አካፋይ ብናካፍል፣ ቀሪዎቹ በየ31 እርምጃው ዞረው 1 ላይ ይደርሳሉ። ይህ ዑደት የሚገጥመው ከአካፋዩ ላይ 1 ተቀንሶ የሚገኘው ቁጥር ለ31 እኩል ሲካፈል ብቻ ነው። በሌላ ሕግ ደግሞ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ማስቀረት አለበት። ሁለቱን ስናጣምር፣ ለ248 ተካፍሎ 1 ወይም 63 የማያስቀር ሁሉ ይወድቃል። የሚተርፉት 370 ገደማ ናቸው፤ ከነሱም አብዛኞቹ ራሳቸው ብቸኛ አይደሉም። የቀሩት ተሞከሩ፣ አንዱም አላካፈለውም። ለእኔ ከቁጥሩ ግዝፈት ይልቅ የሚደንቀው ይህ ማጥራት ነው።

31 ራሱ ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ብቻውን አይበቃም ነበር። 11ም ብቸኛ ነው፤ ግን 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው።

እንዲህ ካለ ብቸኛ ቁጥር ሁሉ አንድ ፍጹም ቁጥር ይወለዳል፤ ማለትም እንደ 6 (1+2+3) ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ድምር ራሱን የሚሰጥ። ከኦይለር ቁጥር የተገኘው ባለ 19 አኃዝ ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ምናልባትም መቼም አይገኝም ሲል ጻፈ፤ ጥቅም በሌለው ነገር ማን ይለፋል ብሎ። ሰው ግን ለፋበት። ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ በ1876 127 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው ብቸኛ መሆኑን አሳየ። በ2024 ይፋ የሆነው ብቸኛ ቁጥር ደግሞ 41,024,320 አኃዝ አለው።

የኦይለር ቁጥር ዛሬ የታወቀው በኮምፒውተር ነው። በ32 ቢት ኔጌቲቭንም ፖዘቲቭንም የሚይዝ ቦታ ከዚህ በላይ መቁጠር አይችልም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥሩ የቆዩ ሥርዓቶች በጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. እዚህ ጣሪያ ላይ ይደርሳሉ፤ በእኛ አቆጣጠር የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ። ካልታደሱ በቀጣዩ ሰከንድ ወደ ዲሴምበር 1901 ይመለሳሉ። መፍትሔው ቦታውን ወደ 64 ቢት ማስፋት ነው። የዚያኛው ጣሪያ፣ 9,223,372,036,854,775,807፣ ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ ለ7 ይካፈላል። ለኮምፒውተሩ ይህ ምንም አይደለም።