ስልክ ሲቀየር ምን አብሮ ይሄዳል? ምንስ ይቀራል?

በካፋ ዞን ቢታ ወረዳ ቡናና ማር ለገበያ የሚያቀርብ አርሶ አደር የነጋዴዎችን ቁጥር፣ የደረሰኝ ፎቶና የቴሌብር ሂሳቡን በአንድ ስልክ ይዞ ይንቀሳቀሳል። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ወይም ተሰርቆ ሌላ ሲገዛ የትኛው እንደሚመለስ የሚወሰነው ግን በአዲሱ ስልክ ዋጋ ሳይሆን መረጃው ቀድሞ በተቀመጠበት ቦታ ነው።

በቅድሚያ የሚያሰጋው ገንዘቡ ነው፤ ይሁን እንጂ በቀላሉ የሚመለሰውም እርሱ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ደንበኛውን የሚለየው በስልክ ቁጥሩ በመሆኑ ቀፎው ቢጠፋም ሂሳቡ በቦታው ይቆያል። ባለቤቱ በሌላ ሰው ስልክ ወደ 994 ደውሎ መስመሩን ያዘጋል፤ ከዚያም መታወቂያውን ይዞ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል በመሄድ በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም ካርድ ያወጣል። መተግበሪያ የማይጭን ባለቁልፍ ስልክም በ*127# ያንኑ ሂሳብ ይከፍታል።

የስልክ ማውጫው ግን እንዲህ አይደለም። በሲም ካርድ ላይ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ 250 ያህል ስም ብቻ ሲሆን ረጅም ስም ይቆረጣል፤ ፎቶም አይያዝም። በቀፎው ላይ የተመዘገበው ደግሞ ከቀፎው ጋር ይጠፋል። ኔትወርክ በማይረጋበት ቀን የሚያዋጣው ማውጫውን በሙሉ ወደ አንድ ፋይል ለውጦ በብሉቱዝ ለቤተሰብ ስልክ መላክ ነው። ይህ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

በአንድሮይድ ስልኮች ዋናው ቁልፍ የጉግል መለያ ነው። ስልኩ ሲገዛ መለያውን ብዙ ጊዜ የሚከፍተው ሻጩ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው፤ ባለቤቱ የኢሜይል አድራሻውንም ሆነ የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ ለዓመታት ይጠቀማል። ችግሩ የሚታየው ስልኩ ተበላሽቶ ሁሉም ነገር እንዲጠፋና እንደ አዲስ እንዲነሣ ሲደረግ ነው። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ስልኮች በዚህ ጊዜ የቀድሞውን መለያ ይጠይቃሉ፤ መልሱ ካልተገኘ አይከፈቱም። ሌባን ለመከላከል የተሠራው መቆለፊያ ባለቤቱን ራሱን ደጅ ያስቀራል። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩ መለያውን ከቅንብሮች ውስጥ እንዲያወጣ ማድረግ ይኖርበታል። መለያው በባለቤቱ እጅ ከሆነ ግን ሥራው ቀላል ነው፦ በቅንብሮች ውስጥ ምትኬ የሚለው ሲበራ ማውጫውና ቅንብሩ እስከ 15 ጊጋባይት በነፃ በሚሰጠው ቦታ ይቀመጣሉ፤ በአዲሱ ስልክ በዚያው መለያ ሲገባም ይመለሳሉ።

አይፎን በዚህ ፋንታ የአፕል መለያን ይጠቀማል፤ ነፃ ቦታውም 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። ከአንድሮይድ ወደ አይፎን የሚሻገር ሰው "ሙቭ ቱ አይ.ኦ.ኤስ" የተሰኘውን መተግበሪያ በአሮጌው ስልክ ላይ ጭኖ አዲሱ ገና ሲከፈት ማዛወሩ ይመረጣል። የቴሌግራም መልእክት፣ ከምስጢራዊ ውይይቶች በስተቀር፣ ቁጥሩ እንደገባ ይመለሳል። ዋትሳፕ ግን አስቀድሞ ምትኬ ካልተያዘለት ባዶ ሆኖ ይከፈታል።

በቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ ኮምፒውተር ለሚማሩ ወጣቶች ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ ይመጣል፦ የሥራ ቅንብራቸውን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ማዛወር። ለዚህ ከሚያገለግሉት ነፃ ፕሮግራሞች አንዱ "ሼ ሙዋ" ሲሆን ትርጉሙ በፈረንሳይኛ "በእኔ ቤት" ማለት ነው። በዊንዶውስ "ዊንጌት"፣ በማክ "ሆምብሪው"፣ በሊኑክስ ደግሞ በ"ስናፕ" ወይም በሌላ ጫኝ አማካይነት በአንድ መስመር ትእዛዝ ይጫናል። ቅንብሮቹን በአንድ ማከማቻ ሰብስቦ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ እንደየሁኔታው ያወጣቸዋል። ማከማቻው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ግን የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል ሳይመሰጠር ሊገባበት አይገባም።