ሳይገመገም የወጣ ጥናት፣ ሳይታክት የሚያነብ ማሽን

ሃያ ሰዎች ለአንድ ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጡ እንበል፤ ነጥቡ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ተመራማሪው አማካዩ 3.47 ነው ብሎ ከጻፈ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ድምሩ 69 ከሆነ አማካዩ 3.45፣ 70 ከሆነ ደግሞ 3.50 ነው፤ በመሀል ሌላ ቁጥር የለም። ኒክ ብራውንና ጄምስ ሄዘርስ እ.ኤ.አ. በ2016 «ግሪም» ብለው ያስተዋወቁት መፈተሻ ሌላ ምሥጢር የለውም። በዚህ ዘዴ ሊፈተሹ ከቻሉ 71 የሥነ ልቦና ጥናቶች ግን ግማሽ ያህሉ ላይ ቢያንስ አንድ የማይገጥም አማካይ ተገኘ።

እንዲህ ያለውን ስሌት ኮምፒውተር ሳይሰለች ይሠራዋል። በኔዘርላንድስ የተሠራው «ስታትቼክ» ከጽሑፉ ውስጥ የስታቲስቲክስ ውጤቶችን እየለቀመ እንደገና ያሰላል። በዚያው በ2016 የ50 ሺህ ያህል ጥናቶች ፍተሻ «ፐብፒር» በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ የጀርመን የሥነ ልቦና ማኅበር ተቆጣ፤ ደራሲዎቹ አስቀድሞ አልተነገራቸውም አለ። እርግጥ ነው፣ በስም ላይ የሚለጠፍ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግን በአደባባይ የወጣን ስሌት ደግሞ ማስላት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ገና በባለሙያ ያልተገመገሙ ቅድመ ኅትመት ጥናቶች በ«ሜድአርካይቭ» እና በ«ባዮአርካይቭ» ድረ ገጾች ላይ ጎረፉ፤ ሁሉን ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ በርሊን ትሠራ የነበረችው ትሬሲ ዋይስገርበርና ባልደረቦቿ የየራሳቸውን ሶፍትዌር አጣምረው በ2020 እነዚህን ጥናቶች መፈተሽና ውጤቱን በይፋ ማውጣት ጀመሩ። አንዱ ሶፍትዌር ዳታው ክፍት መሆኑን ይፈልጋል፤ ሌላው ደራሲው የጥናቱን ድክመት መናገሩን፤ ሌላው ደግሞ ቀለም ለመለየት የሚቸገር ሰው ሊያነበው የማይችለውን የቀስተ ደመና ቀለም ያለበት ሥዕል ያስሳል። ድክመቱን የተናዘዘው ጥናት ከሲሶው ብዙም አይበልጥም ነበር።

እነዚህ መሣሪያዎች ጥድፊያን ይይዛሉ። ውሸትን ለመያዝ ግን አልተሠሩም፤ ድክመቱን በአንድ አንቀጽ የጻፈ ሁሉ ድክመቱን ያውቃል ማለትም አይደለም።

በኅዳር 2020 ኢቨርመክቲን የተባለው መድኃኒት የኮቪድን ሞት እጅግ ይቀንሳል የሚል የግብፅ ጥናት «ሪሰርች ስኩዌር» በተባለ ሌላ የቅድመ ኅትመት ገጽ ላይ ወጣ። መድኃኒቱ በዓለም ዙሪያ ተፈላጊ ሆነ፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም ጥናቱን የብዙ ጥናቶችን ውጤት በሚያጠቃልለው ድምር ትንተናቸው ውስጥ አስገቡት። ነገሩን የመረመረው ማሽን ሳይሆን የለንደን ተማሪ ነው። ዳታው በክፍያ የሚገኝ፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፋይል ነበር፤ ተማሪው 1234 ብሎ ሞከረ፣ ተከፈተ። ጥናቱ ሳይጀመር ሞተዋል ተብለው የተመዘገቡ ታካሚዎች ተገኙበት። ኋላ የገባው ያው የግሪሙ ኒክ ብራውን ደግሞ የአንዱ ታካሚ መረጃ በሌላው ላይ እየተደገመ መሆኑን አየ። የጥናቱ መሪ ሥራቸውን ቢከላከሉም፣ ጥናቱ በሐምሌ 2021 ከገጹ ተነሣ።

ያ ፋይል ባይገኝ ኖሮ የትኛውም ሶፍትዌር፣ የትኛውም ገምጋሚ እዚያ አይደርስም ነበር። ስለዚህ ገንዘቡና ጉልበቱ በመጀመሪያ መዋል ያለበት ሌላ መፈተሻ በመሥራት ላይ ሳይሆን፣ ጥናቱን የሚቀበሉት ገጾች ጥሬ ዳታው አብሮ እንዲቀርብ በማስገደድ ላይ ነው። የታካሚን ማንነት ሸፍኖ ዳታ ማውጣት ይቻላል። አንባቢም፣ በተለይ ጋዜጠኛና ሐኪም፣ «ተፈትሿል» የሚል ምልክት ሲያይ ዳታው የት እንዳለ ይጠይቅ።