የአረፋ ሥጋ ማቀዝቀዣውን ሲሞላ፦ ጤናማ የበሬ ሥጋና የአትክልት ጥብስ በቤት ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል?

የአረፋ በዓል ካለፈ በኋላ በአቡ ዳቢም ሆነ በአል ዐይን በብዙ ቤቶች ማቀዝቀዣው በሥጋ ይሞላል።

ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የዚህ ሥጋ የመጀመሪያ መዳረሻ ብዙውን ጊዜ ጥብስ ነው። በቅቤና በጨው የበለጸገ ጥብስ በተከታታይ ቀናት ሲበላ ግን፣ በተለይ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች ጫናው ቀላል አይደለም።

መፍትሔው ጥብስን መተው ሳይሆን መጠኑን መገልበጥ ነው፤ አትክልቱ ይበዛል፣ ሥጋው ያጣፍጠዋል። የሩቅ ምሥራቅ ሕዝቦች ሥጋንና አትክልትን ቀጥነው ከተከተፉ በኋላ በኃይለኛ እሳት ፈጥነው የሚያበስሉበት ዘዴ ለዚህ ይመቻል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ፣ የሚወስደው ጨውም ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 ግራም ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

ለአራት ሰው የሚያስፈልጉት 400 ግራም ስብ የሌለው የበሬ ሥጋ፣ 800 ግራም አትክልት (ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን)፣ አንድ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ስጎ (ሶያ ሶስ) እና ሎሚ ናቸው። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ ተመጋቢ ከአንድ ማዕድ ብቻ 200 ግራም አትክልት ያገኛል።

በበረዶ የተቀመጠ ሥጋ በማቀዝቀዣው የታችኛው ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ ይሟሟ፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማሳደር ለጀርም ያጋልጣል። በረዶው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ቢከተፍ በቀላሉ ይቀጥናል። ቢላዋው የሥጋውን ክር አግድም ሲቆርጥ ጥብሱ ለስላሳ ይሆናል። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ሳይታጠብ ለአትክልት አይዋል።

መጥበሻው በሚገባ ሲግል ግማሹን ዘይት ጨምሮ ሥጋውን በሁለት ዙር መጥበስ ይገባል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከገባ ውኃ ያወጣና ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል። ቀይነቱ ሲጠፋ ወጥቶ ይቀመጥ።

በቀሪው ዘይት መጀመሪያ ሽንኩርት፣ ካሮትና ፎሶሊያ፣ ቀጥሎ ቃሪያና ጎመን ይገባሉ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንዳያሩ መጨረሻ ላይ ይጨመራሉ። አትክልቱ ቀለሙን ሳይለቅ፣ ሲነከስ ጠንከር እንዳለ ሥጋውንና ስጎውን መልሶ አንድ ደቂቃ ማማሰል በቂ ነው። ከወረደ በኋላ ሎሚ ይጨመቅበታል።

ተጨማሪ ጨው አያስፈልግም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ስጎ ብቻውን ከ2 ግራም በላይ ጨው ይይዛል፤ ለአራት ሲከፈል ግን የአንዱ ድርሻ ከ1 ግራም በታች ይሆናል።

ለሙስሊም ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ የእስያ ስጎዎች ለምግብ ማብሰያ የሚውል ወይን ስለሚገባባቸው፣ ከመግዛት በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብና የሐላል ምልክቱን ማረጋገጥ ይገባል።

ጥብሱ ከጥቂት ሩዝ ወይም ከግማሽ እንጀራ ጋር ይቀርባል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የሩዙንና የእንጀራውን መጠን ቀንሶ አትክልቱን ቢያበዛ ይመረጣል። የተረፈው ምግብ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ።

በዚህ መንገድ ለሁለት ቀን ጥብስ ይበቃ የነበረው ሥጋ ለሳምንት ይዘልቃል፤ ከጎረቤትና ከችግረኛ ጋር ለመካፈልም ይተርፋል።