የፀጉር ማድረቂያና የ15 ሴንቲ ሜትሩ ርቀት

ፀጉር ቤት የምትሄድ ሴት ሁለት ማድረቂያዎችን ታውቃለች፤ በእጅ የሚያዘውን ፎንና ከላይ የሚደፋውን ካስክ። በዕድሜ የሚበልጠው ካስኩ ነው። ፈረንሳዊው ፀጉር ሠሪ አሌክሳንደር ጎድፍሯ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የምድጃን ሙቅ አየር በቱቦ ወደ ደንበኛው ራስ የሚያደርስ መሣሪያ ሠራ። በእጅ የሚያዘው ኤሌክትሪካዊ ማድረቂያ በገበያ ላይ የተለመደው ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው።

የዛሬው ፎን አሠራሩ ቀላል ነው። ማራገቢያው ከኋላ አየር ይስባል፤ አየሩ ከኒኬልና ከክሮሚየም በተሠራ የጋለ ሽቦ በኩል አልፎ ሞቆ ይወጣል። የኋላው ወንፊት በአቧራና በፀጉር ሲደፈን አየሩ ያንሳል፣ ሽቦው ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ ወንፊቱን ማጽዳት ፀጉርንም መሣሪያውንም መጠበቅ ነው።

ሙቀት በፀጉር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመረዳት ከፀጉሩ ተፈጥሮ መጀመር ያሻል። ፀጉር ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ ውጪው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ስስ ልባስ ተሸፍኗል። ሲርስ ያብጣል፤ ኬራቲኑን የሚያያይዙት የሃይድሮጅን ትስስሮች ይላላሉ፣ ሲደርቅም መልሰው ይጠብቃሉ። በቢጉዲን የተጠቀለለ ፀጉር ካስክ ሥር ደርቆ ቅርጹን ይዞ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ሙቀትን ጨርሶ መሸሽ ይሻላል? በ2011 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የኮሪያ ተመራማሪዎች ጥናት ሌላ ነገር አሳይቷል። ፀጉሩን ደጋግመው እያጠቡ ከፊሉን በራሱ እንዲደርቅ ተዉት፤ ሌላውን በተለያየ ርቀት በማድረቂያ አደረቁት። በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሙቀቱ 95 ዲግሪ ደርሶ የፀጉሩን ልባስ ክፉኛ ጎዳው። በ15 ሴንቲ ሜትር ግን 47 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ጉዳቱም ቀላል ነበር። በራሱ የደረቀው ፀጉር ደግሞ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ በመቆየቱ የውስጥ ሕዋሶቹን የሚያያይዘው ክፍል ተጎድቶ ተገኘ። ተመራማሪዎቹም ማድረቂያውን 15 ሴንቲ ሜትር አርቆ ያለማቋረጥ ማንቀሳቀስ በራሱ እንዲደርቅ ከመተው እንደሚሻል ደመደሙ።

ከሁሉ የከፋው እርጥብ ፀጉርን በጋለ ብረት መተኮስ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ በድንገት ወደ እንፋሎት ይለወጥና ፀጉሩን በአረፋ ይሞላዋል፤ በዚያ ቦታም ይሰበራል። ስለዚህ ካውያ ወይም ፒያስትራ የሚነካው ፈጽሞ የደረቀ ፀጉርን ብቻ መሆን አለበት።

እቤት ውስጥ ሥርዓቱ ይህ ነው። ከታጠቡ በኋላ ፀጉሩን በፎጣ ሳያሹ ጫን ጫን እያደረጉ ውሃውን ያስመጥጡ። ከርዳዳ ፀጉር ደርቆ ሲበጠር ይበጠሳልና ገና እርጥበት እያለው፣ በኮንዲሽነር አለስልሰው፣ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ይፍቱት። ከዚያ ፎኑን በመካከለኛ ሙቀት፣ ከሥር ወደ ጫፍ እየነፋ፣ አንድ ቦታ ሳይቆም ያንቀሳቅሱት። ፀጉሩ ሊደርቅ ሲል በቀዝቃዛው አየር ይጨርሱ።

ከራስ ቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት ስለሌለው የተጎዳ ልባሱ ተመልሶ አይድንም፤ መፍትሔው ቆርጦ አዲሱ እስኪያድግ መጠበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ፀጉር ሠሪዋ ወረፋ በዝቶባት ፎኑን ስታስጠጋ «እባክሽ ራቅ አድርጊልኝ» ማለት ነውር የለውም። ጥቂት ደቂቃ ያስጨምራል፤ ወራት የፈጀውን እድገት ግን ያተርፋል።